ቀለም የሸሸው መዳፍ

ሐቦባ አልሞተችም!

ከሁሉ በፊት ይህን መጻፍ አለብኝ። ሐሙስ ጠዋት ከማናውቀው ቁጥር በአባዬ ስልክ የድምፅ መልእክት መጣ። መጀመሪያ ነፋስ፣ ከዚያ ፍየል፣ ከዚያ ሳል ተሰማ። እኔ ያወቅኋት በሳሏ ነው። «እኔ ነኝ፤ አለሁ» አለች። «የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ፣ ኢንሻአላህ፣ ቤቴ እገባለሁ። ዶላቤ አለ?»

ጮህኩ። እማዬ ያልታጠበ ድስት እንደያዘች ከጓሮ ሮጣ መጣች። አባዬ መልእክቱን ደግሞ ሊሰማው ሲል ስልኩን ከእጁ ቀማሁትና በዐረብኛ «አለ ሐቦባ! ወላሂ አለ! እንደ ነበረ ነው፣ እንደ አዲስ ነው!» ብዬ ላክሁላት። ሁለቱ ምልክት ቶሎ ታየ፤ ደረሳት ማለት ነው።

 ዶላቧ፣ ቁም ሣጥኗ ማለት ነው፣ እንደ አዲስ እንዳልሆነ ግን ሦስታችንም እናውቃለን።

«እንደ አዲስ?» አለ አባዬ።

«ደስ ብሎኝ ነው።»

«ሰው ደስ ሲለው ይዋሻል እንዴ?»

«ይዋሻል እንጂ» አለች እማዬ። «የሠርጋችን ሰሞን ምን ምን ብለኸኝ እንደነበር ላስታውስህ?»

ሐቦባ ማለት እዚህ ካርቱም ሰው አያቱን የሚጠራበት ስም ነው። የእኔ የሥጋ አያት አይደለችም። ጀብራ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ጓሮዋ ያለውን ክፍል ያከራየችን ሱዳናዊት ናት፤ እኔ የተወለድኩት እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ልጅ የላትም፤ ባሏም ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አባዬ አገሩ እያለ መምህር ነበር፤ እዚህ ከመጣ ጀምሮ መኪና ቀለም ሲረጭ ኖሯል። እሱና እማዬ ሐቦባን «እሳቸው» ይሏታል። እኔ «እሷ» እላለሁ፤ እቅፏ ውስጥ ተኝቼ ያደግኩባትን ሴት እንዴት አድርጌ «እሳቸው» ልበል?

ጦርነቱ ሲመጣ እኛ በአንድ በኩል ሸሸን፤ እሷ ከእህቷ ልጆች ጋር በሌላ በኩል። ከዚያ ስልኳ ጠፋ። ከአንድ ዓመት በላይ ምንም አልሰማንም። እማዬ በአፏ ባትናገርም በልቧ ቀብራት ነበር፤ ስሟ ሲነሳ ነጠላዋን ታስተካክል ነበርና አውቅባታለሁ። እኛ ወደ ጀብራ ከተመለስን ገና አምስት ወራችን ነው።

ስንመለስ የእኛ ክፍል ጣሪያ ነበረው። የሐቦባ ቤት ግን በር የለው፣ መስኮት የለው። የመብራቱን ሽቦ ከግድግዳው ውስጥ ጎትተው አውጥተውታል፤ ሽቦው የሄደበት ሁሉ ከጣሪያ እስከ ወለል ረጅም ጠባሳ ሆኗል። ማብሪያ ማጥፊያ የነበረበት ቦታ እንደ ወጣ ዓይን ጎድጉዷል። እኔን ከሁሉ ያስፈራኝ ግን ወለሉ ነው። አቧራውን ጠርገን ስናጥበው ለብዙ ዓመት ዕቃ የቆመበት ቦታ ሁሉ ቀለሙ ሳይደበዝዝ ቀርቷል። እዚህ ጋ አልጋው፣ እዚያ ጋ ፍሪጁ፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ አራት አራት ነጥብ፣ የወንበሮቹ እግር። ዕቃው ሄዶ ቦታው ቀርቷል። እስካሁን በክፍሉ ሳልፍ ሳላስበው ዞር ብዬ ነው የምሄደው፤ የሌለ ወንበር እንዳያደናቅፈኝ።

የቀረው ዶላቡ ብቻ ነበር። ዶላብ ያው ቁም ሣጥን ነው፤ ይሄኛው ግን እንደ ትንሽ ቤት የሚያክል፣ ሁለት በር ያለው፣ በሮቹ ላይ የወይን ቅጠል የተቀረጸበት አረንጓዴ ዶላብ። ባሏ ለሠርጋቸው ሲያሠራው አናጺው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው የገጣጠመው፤ ስለዚህ በምንም በር አይወጣም። ሌቦቹ የክፍሉን በር ከነመቃኑ ነቅለውም አልቻሉም። መሞከራቸውን የተላጠው ጥጉ ይመሰክራል። ከዚያ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አናውቅም፣ እዚያ ክፍል ውስጥ እሳት እያነደደ ከርሟል። የዶላቡ ቀኝ ጎን በጥላሸት ጠቁሯል፣ ቀለሙ ከሙቀቱ የተነሳ አኩርፎ ተነስቷል። ቀኝ በሩ ላይ በቢላ የተጫሩ አጫጭር መስመሮች አሉ፤ አምስት፣ አምስት፣ አምስት። ቀን ሲቆጥር ነበር ይመስለኛል። መጨረሻው ላይ ሁለት ብቻ ናቸው።

ሐቦባ ሳትመጣ ይህን ሁሉ እንደ አዲስ ማድረግ ነበረብኝ። ዘጠኝ ቀን አለኝ። ቃሉ የወጣው ከእኔ አፍ ነው።

«በቡሩሽ ብንቀባውስ?» አለች እማዬ።

አባዬ በጣቱ በወይን ቅጠሎቹ ውስጥ እየሄደ «አይሆንም» አለ። «ቡሩሽ እዚህ ጎድጓዳው ውስጥ ቀለም ያጠራቅማል፤ ሲደርቅ እንባ ይመስላል። ይሄ መርጫ ነው የሚፈልገው።» የራሱ መርጫና ኮምፕሬሰር በጦርነቱ ከድሮው ጋራዡ ጋር ጠፍቷል። አንድ መርጫ ከቤት ቢኖር ለሌላም ሥራ ይሆነዋል ብሎ ቅዳሜ በሐፍላ፣ በሕዝብ ማመላለሻው ማለቴ ነው፣ ድልድዩን ተሻግረን ኦምዱርማን ገበያ ሄድን። ከዶላቡ በር ውስጠኛ ጎን፣ ጭስ ካልነካው ቦታ፣ ጥፍር የምታክል የቀለም ቅርፊት ልጬ በወረቀት ጠቅልዬ ይዣለሁ።

ባለ ሱቁ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያሰረ ሽማግሌ ነው። ሦስት ዓይነት መርጫ ባንኮኒው ላይ ደረደረልን። አንደኛው ከኮምፕሬሰር ጋር የሚሠራ፣ አባዬ የሚያውቀው ዓይነት። ሁለተኛው ሞተሩ መሬት የሚቀመጥ፣ በቱቦ አየር የሚልክ፣ ሶኬት የሚፈልግ። ሦስተኛው በባትሪ የሚሠራ፣ የቀለሙ ጽዋ ከሥሩ የተንጠለጠለ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ።

አባዬ ሦስተኛውን ሲያይ «ይሄማ መጫወቻ ነው» አለ።

«ያ ኡስታዝ» አለ ባለ ሱቁ፣ «ጌታዬ» ማለቱ ነው፤ «መብራት አላችሁ?»

«የለንም።»

«ታዲያ ማነው የሚጫወተው? ኮምፕሬሰሩን በምን ታስነሳዋለህ፣ በጸሎት?»

እኔ ሳቅኩ፤ አባዬም ሊስቅ ነበር፣ ተወው። ሰፈራችን ውስጥ ኤሌክትሪክ ያለው በጸሐይ ኃይል የሁላችንንም ስልክ የሚሞላልን ጎረቤት ብቻ ነው። የእሱ ሶላር ኮምፕሬሰር አያስነሳም። ባለ ሶኬቱን ምናልባት ይችላል፤ ግን ጸሐይ አናት ላይ ስትሆን ብቻ። በዚያ ሰዓት ደግሞ በካርቱም ሙቀት ቀለም ቢረጭ እንጨቱ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቃል። ስለዚህ «ባትሪውን በቀትር እንሞላለን፣ በንጋት እንረጫለን» አልኩ። አባዬ ዞሮ አየኝና ባለ ባትሪውን አነሳ። የመረጥኩት እኔ ነኝ!

ከዚያ እንደ ሐኪም መረመረው። አፍንጫውን ፈታ፣ መርፌው ብረት መሆኑን በጥፍሩ ሞከረ፣ የጎማ ቀለበቱ ትርፍ እንዳለው ጠየቀ፣ ጽዋው ውስጥ ውሃ አስሞልቶ ካርቶን ላይ ረጨ። ውሃው እኩል ሲበተን ራሱን ነቀነቀ።

«ግን ቲነር ያለበት ቀለም አትጨምሩበት» አለ ባለ ሱቁ። «ሞተሩ ብልጭታ አለው። የውሃ ቀለም ብቻ።»

«አውቃለሁ» አለ አባዬ።

«ለአንተ አይደለም፣ ለእሷ ነው። እሷ ናት የመርጫው ባለቤት፤ ዓይኗን አታየውም?»

አረንጓዴውን በዓይኑ አመሳስሎ፣ ጠብታ በጠብታ እየጨመረ በጠበጠልን።

የመርጫው ስም በዐረብኛ «ሽጉጥ» ስለሆነ አባዬ በሐፍላው ውስጥ «አደራ፣ ፍተሻ ላይ ስሙን እንዳትጠሪ» አለኝ። ፍተሻው ጋ ወታደሩ ከፌስታሉ አውጥቶ አገላበጠው። «ምንድን ነው?»

«ዕቃ ቀለም መቀቢያ» አለ አባዬ።

መንገዱን፣ በር የሌላቸውን ቤቶች፣ አንድ በአንድ አየና «ምን ቀርቶ ነው የምትቀቡት?» አለ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ግን የምሩን ነው።

«አንድ ዶላብ» አልኩት።

እሑድን ጥላሸቱን በሳሙና ሳጥብ፣ የተጫሩትን መስመሮች በስቱኮ ስደፍን፣ በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ ዋልኩ። አቧራ እንዳይገባ በዙሪያው ከጣሪያ እስከ መሬት ነጭ ላስቲክ ሰቀልን። መስኮት ስለሌለ ነፋስ ሲገባ ላስቲኩ ወደ ውስጥ ይነፋል፤ ሲወጣ ተመልሶ ይሳባል። ቤቱ የተኛ ሰው መሰለኝ፣ ከደረቱ ውስጥ የገባሁበት። ፈራሁ፤ ግን ሐቦባ በሕይወት አለችና ደስ የሚል ፍርሃት ነበር።

ሰኞ ባትሪው ሞልቶ ሲመጣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ነበር። አባዬ የቀን ሥራ ሊሠራ ወጥቷል። እስከ ነገ ንጋት መቆየት እንዳለብኝ የተናገርኩት እኔው ነኝ፤ ግን ደስታ አያስቀምጥም። የአፍ መሸፈኛዬን አሰርኩ፣ ከአረንጓዴው በፊት የሚረጨውን ነጭ መሠረት ቀለም ሞላሁ፣ ማስነሻውን ተጫንኩ። መርጫው እንደ ትልቅ ተርብ ጮኸ። ነጭ ጉም ወጣና ተንሳፈፈ፤ ዶላቡ ላይ ሲያርፍ እንደ አሸዋ ሻከረ፣ የቀረው ደርቆ እንደ ዱቄት ወለሉ ላይ ወረደ። መሸፈኛው ውስጥ የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው የምሰማው፤ አንዳንዴ ግን እኔ ትንፋሼን ስይዝ ትንፋሹ አንድ ጊዜ የሚቀጥል ይመስለኝ ነበር። ላስቲኩ ነው። ላስቲኩ እንደሆነ አውቃለሁ። አቋርጬ ወጣሁ።

ማታ አባዬ ሳይገባ፣ ላስቲኩን ከጎን ገልጦ ዶላቡን በመዳፉ ዳስሶ «ቀለሙ መንገድ ላይ ሞተ» አለ። አልተቆጣኝም፤ «ነገ እንፍቀዋለን።»

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ቀድሜው ገባሁ። ላስቲኩን ገለጥኩ። ነጩ ዱቄት በለበሰው ወለል ላይ፣ ከዶላቡ ፊት ለፊት፣ ሁለት የባዶ እግር ቅርጽ አለ። ወደዚያ የሚሄድ ዱካ የለም፣ ከዚያ የሚመለስም የለም። ዶላቡን እያየ የቆመ ሰው፣ ሰውየው የሌለበት።

ልጮህ ስል የእግሬን ጣት አየሁና የራሴ ቅርጽ መሆኑ ገባኝ። ትናንት ቆሜ ስረጭ ዱቄቱ በዙሪያዬ ወርዶ የቆምኩበትን ትቶታል፤ ስወጣ ደግሞ ላስቲኩ ወለሉን ጠርጎ ሌላውን ዱካ አጥፍቷል። ቢሆንም እግሬን መልሼ እዚያ ላይ አላደረግሁም። እንደ አልጋው፣ እንደ ወንበሮቹ ቦታ ሆኖ ታየኝ።

ሻካራውን ፍቀን በትክክል የረጨነው ያን ዕለት ነው። አባዬ ከኋላዬ ቆሞ እንደ ድሮ ተማሪዎቹ አስተማረኝ። ቀለሙን መጀመሪያ በስስ ጨርቅ አጥልይ። ከመርጫው ጋር በመጣው ባለ ቀዳዳ ኩባያ አስፈስሽና እንደ ወተት ካልወረደ ውሃ ጨምሪ። ከእንጨቱ አንድ ስንዝር ራቂ። የእጅሽን አንጓ አታጥፊ፣ ክንድሽ በሙሉ ይሂድ። ከበሩ ውጪ ጀምሪ፣ ከበሩ ውጪ ጨርሺ፣ መስመሩን በግማሽ ደርቢ። «አንዴ አታወፍሪው። ሦስት ስስ ከአንድ ወፍራም ይሻላል።» መሠረቱ በቀትር ሙቀት ደረቀ። በማግስቱ ንጋት አረንጓዴውን ረጨሁ። ቅጠሎቹ ነፍስ ዘሩ! ቀኝ በር አልቆ ወደ ግራው ዞርኩ። አንድ ዙር ሰጥቼ መሸፈኛዬን ላወልቅ ስል ቀለሙ ተንቀሳቀሰ።

እውነቴን ነው፣ ተንቀሳቀሰ። እርጥቡ አረንጓዴ ላይ ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች ተከፈቱ፤ ቀለሙ ከመሃላቸው እየሸሸ፣ አንዱ ከሌላው እየተያያዘ። መጀመሪያ ምንም አይመስሉም ነበር። ከዚያ አምስት መስመር ሆኑ። ከመስመሮቹ ሥር አንድ ሰፊ ክብ። በአገጬ ቁመት፣ ጣቶቹን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ የግራ እጅ መዳፍ።

«አባዬ» አልኩ። መርጫውን መሬት አስቀመጥኩ። «አባዬ።»

መጥቶ ቆመ፣ መነጽሩን ጠረገ፣ እንደገና አየ። «ዓይን እንለዋለን ይሄን፣ እኛ መኪና ቀቢዎች» አለ ቀስ ብሎ። «ዘይት ሲኖር ቀለም እንዲህ ዓይን ያወጣል። በኮምፕሬሰር ብንረጭ ዘይቱ ከአየሩ ጋር ነው የመጣው እል ነበር። ግን ይሄ ኮምፕሬሰር የለውም።»

«ታዲያ ከየት መጣ?»

«እኔንጃ» አለ። አባዬ መምህር ስለነበር «እኔንጃ» የሚለውን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሲደርቅ ያን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት እስከ እንጨቱ ፈቅሁት። ክንዴ እስኪደክም ፈቅሁት። ማምሻውን ነፋሱ ሲረጋ ደግሜ ረጨሁ። ቀለሙ አረፈ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ አስር ቆጠርኩ። ተመልሶ መጣ። አሁን ደግሞ ትልቅ ሆኗል። ጣቶቹ ረዝመዋል። ከውስጥ ሆኖ በሩን የሚገፋ ሰው ይመስላል።

በዚያው ምሽት ለሐቦባ «መንገድ ጀመርሽ?» ብዬ ድምፅ ላክሁ። አንድ ምልክት ብቻ ታየ። አልደረሳትም። አባዬ ደወለ፤ ዝግ ነው። «በመንገድ ላይ ኔትወርክ የለም» አለ። እኔ ግን አንዱን ምልክት እያየሁ የማስበው እጁን ነበር። ሰው መንገድ ላይ ሲቀር ምልክት ይልካል ሲባል ሰምቻለሁ። ለማንም አልነገርኩም።

ሐሙስ እማዬ ሻይ ይዛልን ወደ ላስቲኩ ውስጥ ገባች። እጁን አይታ አላማተበችም፣ አልጮኸችም። የተጠቀምኩበትን ብርጭቆ ወረቀት ከመሬት አንስታ አሸተተችውና «እንዴ!» አለች። «ከርከር ነው እኮ!»

ከርከር የሱዳን ሴቶች ጸጉራቸውንና ገላቸውን የሚቀቡት ቅባት ነው፤ በስብና በቅመም ይፈላል፣ ሽታው ከልብስ አይለቅም። እኔም አሸተትኩ። የሐቦባ እቅፍ ነው! የሕፃንነቴ ሽታ ከብርጭቆ ወረቀት ላይ መጣ።

«ጠዋት ጠዋት ጸጉራቸውን ይቀባሉ» አለች እማዬ፣ በአየር ላይ እያሳየችን። «ከዚያ ልብስ ሊያወጡ ይመጣሉ። የዚህ በር ቁልፍ ካልገፉት አይዞርም። በግራ መዳፋቸው እንዲህ ይገፋሉ፣ በቀኝ ቁልፉን ያዞራሉ። ከተሞሸሩ ጀምሮ፣ በየቀኑ! እንጨቱ ጠጥቶታል። አንቺ ስትፍቂው ደግሞ ቅባቱን አሰፋሽው። ሳሙና ብቻ አይበቃም ነበር።»

«እኛ ሁለት ባለሙያዎች!» አለ አባዬ፣ እጁን ግንባሩ ላይ መትቶ። «ኦምዱርማን ድረስ ሄደን መርጫ መረጥን፣ የቤቱን ሴት አልጠየቅንም።»

«እኔንማ ማን ይጠይቀኛል» አለች እማዬ፣ ሻዩን እየቀዳች። «እኔ ቡሩሽ ያልኩት ነኝ።»

መፍትሔው ቀላል ነበር። አባዬ ከጎረቤታችን ጎማላካ አመጣ፤ እንጨት ላይ ተቀብቶ ወዲያው የሚደርቅ፣ ቅባትን ከሥሩ ቆልፎ የሚያስቀር ቡናማ ፈሳሽ ነው። አንድ ጊዜ በቡሩሽ፣ ከዚያ የመጨረሻው ቀለም፣ ከዚያ እጁ የለም። ዶላቡ እንደ አዲስ ይሆናል፤ ቃሌም እውነት ይሆናል።

አርብ ጎህ ሲቀድ ጠርሙሱንና ቡሩሹን ይዤ ብቻዬን ገባሁ። የሐቦባ ስልክ አሁንም ዝግ ነው። አንዱ ምልክት አንድ እንደሆነ ነው። ጀብራ በዚያ ሰዓት ምንም ድምፅ የላትም፤ ዶሮ የለም፣ ሕፃን የለም፣ ሩቅ የሆነ ውሻ ብቻ። ላስቲኩ ወደ ውስጥ ተነፋ፣ ተሳበ። የዶላቡ እንጨት ቋ አለ፤ ቀኑ ሊሞቅ ሲል እንደዚያ ያደርጋል። ቡሩሹን ጎማላካው ውስጥ ነከርኩ፣ ወደ እጁ አስጠጋሁ።

አልቻልኩም።

እጁ የማን እንደሆነ፣ ለምን እንዳለ፣ እንዴት እንደሚጠፋ አሁን ሁሉንም አውቃለሁ። ማወቄ ግን ፍርሃቴን አላስወጣውም። በዚህ ቤት ውስጥ የሁሉም ነገር ቦታው ብቻ ነው የቀረው። የእሷ ቦታ ደግሞ ይሄ ነው። ስልኳ በተዘጋበት ጠዋት እኔ በእጄ እሱን ብሸፍነው፣ እሷም ከዚያ...

ቃሉን እዚህ እንኳ ጨርሼ አልጽፈውም። ቡሩሹን አስቀመጥኩና መዳፌን መዳፏ ላይ አደረግሁ። ቀዘቀዘኝ፣ ሞቀኝ ብል ያምርልኝ ነበር፤ ግን ውሸት አንዴ ዋሽቼ ያየሁትን አይቻለሁ። ያው እንጨት ነው። ብቻ እጄን ቶሎ አላነሳሁትም።

ከዚያ መርጫውን አንስቼ የመጨረሻውን ስስ ቀለም በሁለቱም በሮች ላይ አሳለፍኩ። አንድ ስንዝር ርቄ፣ አንጓዬን ሳላጥፍ። ቀለሙ ሁሉ ቦታ አረፈ፤ እጁ ጋ ሲደርስ ግን ከዙሪያው ተሰብስቦ መንገድ ለቀቀላት።

አባዬ ሲመጣ አይቶ «አልሸፈንሽውም?» አለኝ።

«ስትመጣ ራሴ እነግራታለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«እንደ ዋሸኋት።»

ጎማላካውን ከድኖ ለጎረቤቱ ሊመልስ ሄደ።

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። እማዬ ሦስት ጊዜ «ግቢ፣ ጸሐይ ይመታሻል» አለች፤ በአራተኛው እሷም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ረክሻ ሰማን፤ ሦስት እግር ያላት ታክሲ ናት፣ በሌላ ጊዜ ጀብራ በእሷ ጩኸት ትታወቅ ነበር። ጥጉ ላይ ታየች። ከኋላ አንድ ፌስታልና አንድ የተጠቀለለ ምንጣፍ፤ በመካከላቸው ሐቦባ።

መጀመሪያ ሌላ ሰው መስላኝ ነበር። ግማሽ ሆናለች። ከዚያ ሳለች።

እንዴት እንደተቃቀፍን አልጽፍም፤ ለራሴ አስቀምጬዋለሁ። ስልኳ ሁለተኛው ቀን ላይ ባትሪው እንደሞተ ነገረችን። ሻይ አልፈለገችም፣ ውሃ አልፈለገችም። ቀጥታ በሌለው በር ገባች፤ የሌሉትን ወንበሮች እሷም ዞር ብላ አለፈቻቸው! ላስቲኩን ገለጠችና ዶላቡ ፊት ቆመች።

«ሐቦባ» አልኩ፣ «እንደ አዲስ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነበር። ተቃጥሎ፣ ተጭሮ ነበር። ቀለም የቀባነው አሁን ነው። እሱም ቢሆን እዚህ ጋ...»

አልሰማችኝም። ግራ እጇን አነሳችና ሳታይ፣ እንደ ልማዷ፣ በሩን ልትገፋ መዳፏን አሳረፈች። ልክ ቦታው ላይ። ከዚያ አየችው።

እጇ አልሞላውም። በጣቶቿ ዙሪያ ባዶ እንጨት ይታያል፤ እንደ ሌላ ሰው ጓንት ሰፍቷታል።  ከዶላቡ በኩል የሚመለከታት ያ ሌላኛው እጅ፣ የበፊቷ ሐቦባ ነበረች።

«ትልቁ የእኔ ነው?» አለች።

«ብርጭቆ ወረቀቴ ትንሽ አስፍቶታል» አልኩ ቶሎ ብዬ። እውነት ነው፤ ደግሞም እንድትጽናና ፈልጌ ነበር።

«ተይኝ እባክሽ፣ ያ ብት» አለች፤ «አንቺ ልጅ» ማለቷ ነው። «ቀለበቴ ከጣቴ ወልቆ አሸዋ ውስጥ ሲቀር ብርጭቆ ወረቀት አልነበረም።» ከዚያ ሳቀች፣ ሳለች፣ እንደገና ሳቀች። «እንደ አዲስ አልሽኝ! እኔ እዚያ ሆኜ ዶላቡስ አዲስ ነው፣ እኔ እንዲህ ከስቼ እንዴት አድርጌ እገባለሁ እያልኩ ሳፍር ነበር።»

«ልሸፍነው እችላለሁ። ጎማላካ የሚባል አለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ...»

«እጅሽን ሰብስቢ! ይሄን እጄ ሞልቶ እስኪገጥመው ድረስ ማንም አይነካውም። ከገጠመ በኋላ ትሸፍኚዋለሽ፤ ያኔ እንደ አዲስ ይሆናል፤ ያኔ ውሸታም አይደለሽም። ያላ፣ በሉ አሁን ምግብ አምጡ።»

ያን ዕለት ወለሉ ላይ፣ የአልጋዋ ቦታ ላይ፣ ምንጣፏን ዘርግተን ከአንድ ትሪ በላን። ሦስት ጉርሻ በልታ አቆመች። እማዬ ብትለምናት እምቢ አለች። «ብቻዬን በልቼ አላውቅም፤ ሆዴ አይከፈትም» አለች። እኛ አራት ሆነን ብቻዬን ትላለች! ከጦርነቱ በፊት በዚህ ቤት ትሪ ዙሪያ ከአሥር ሰው በታች ተቀምጦ አያውቅማ።

አሁን ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ጠዋት ጠዋት ተነስታ መዳፏን ዶላቡ ላይ ትለካለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ አያለሁ፤ በንጋት ብርሃን ሁለት እጆች ሲገናኙ አሁንም ትንሽ ያስፈራኛል። በአውራ ጣቷ በኩል ያለው ክፍተት የጠበበ ይመስለኛል፤ አባዬ ገና ነው ይላል።

ይህን እየጻፍኩ እንደሆነ ስነግራት «ለሚያነቡት ንገሪያቸው» አለችኝ። ስለዚህ እነግራችኋለሁ። ወደ ጀብራ የምትመለሱ፣ በጀብራ የምታልፉ፣ ሐበሻም ሁኑ ሱዳናዊ፣ ለምሳ ኑ ብላለች። በር የለንም፣ ስለዚህ አታንኳኩ። ወንበርም የለንም፤ የተረፋችሁ ካለ፣ የተቃጠለም የተላጠም ቢሆን፣ ይዛችሁ ኑ። ባትሪው ሞልቷል፣ እኔ በንጋት እረጭላችኋለሁ። እናንተ ብቻ ከትሪው ዙሪያ ተቀመጡና አብራችኋት ብሉ፣ እጇ እስኪሞላ።